ኖራ የተቀባው በር

ኮሮና በገባበት ዓመት ክረምት እህቴ አስካለ ከደሴ ደወለችልኝ። እኔና እሷ በስልክ ብዙ አናወራም፤ ደህና መሆናችንን እንጠያየቅና እንዘጋለን። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳታደርስ፣ «ልጁ ብርድ ልብስ አስገዛ» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የልጄ ልጅ ነዋ፤ ሰመራ ያለው። ኮሮና ነው ተብሎ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል። ጓደኞቹ ምግቡን ደጃፉ ላይ አኑረውለት ይሄዳሉ። ትናንት ተሽሎኝ ነበር ይላል፤ ዛሬ ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። ዘኑ፣ ሰመራ ላይ ብርድ ልብስ!»

ሌላ ሰው ቢሰማን ምኑ ይገርማል ይል ይሆናል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

«የኮሮናው ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅ» አልኳት። «ዛሬውኑ ደሙን ለወባ ይመርመር በይው። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሂድ፤ ብቻ ይሂድ።»

«እኔም ይህንኑ ብዬዋለሁ። ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አለችና ዘጋች።

መስኮቱ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ውጭ እየዘነበ ነበር። እኔን ግን የሸተተኝ እርጥብ ኖራ ነው።

አባታችን ይመር የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። ከወሎ ወደ አሰብ ተዛውሮ እናታችንን ይዞ ሲወርድ፣ እኔና አስካለ ደሴ አክስታችን ዘንድ ቀረን፤ እኔ ለትምህርት፣ እሷ ልብስ ስፌት ልትማር። አስካለ ታላቄ ናት። እሷ ሳቂታ፣ እኔ ዝምተኛ ነበርን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አሰብ የሚወርድ የጭነት መኪና ይፈለግልንና ለሚታመን ሰው በአደራ እንሰጥ ነበር።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት አደራውን የተቀበሉት ሐጂ ኑሩ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ አሰብ ውስጥ ሱቃቸው ከቤታችን ጎን ነበር። ከእኛ ሌላ ወደ አሰብ የተመደበ አንድ ወጣት አስተማሪ አብሮን ተሳፈረ። የቡና ጆንያ በተጫነበት ካሚዮን ላይ ሸራ አንጥፈን ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወረድን። ባቲ ላይ ሐጂ የፍየል ጥብስ ጋበዙን። ከባቲ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ልጅ ሆኜ ያን ለውጥ እወደው ነበር። ወላጆቼን ላገኝ መቃረቤን የማውቀው ፊቴ ሲቃጠል ነው።

ሚሌ ስንደርስ ግን ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት፣ መንገዱንም ቆርሶት አገኘነው። እስኪጠገን ድረስ ወንዙ ዳር ሰፈርን። አፈሩ እርጥብ፣ ሣሩ ረጅም ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ትንኙ እንደ ጭስ ይነሳል። ሐጂ ኑሩ ጅብ ስለሚፈሩ የሚተኙት ጋቢናው ውስጥ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ነው። ሾፌሩ ይስቅባቸዋል።

«ሐጂ፣ ይውጡ እንጂ! ጅብ እንደሆነ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

«አንተ ምን አለብህ፤ አጥንት ብቻ ነህ» ይሉታል ከውስጥ። «ጅቡ መጀመሪያ የሚመርጠው እኔን ነው።»

ሾፌሩ፣ አስተማሪውና አስካለ መሬት ላይ በተነጠፈው ሸራ ላይ ተኙ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ነገር ግን ወንዶች ባሉበት መተኛት ስላሳፈረኝ ከእግሬ እስከ ራሴ በጋቢ ተጠቅልዬ ነበር። አስካለ የእሷን ጋቢ ገፍፋ ወረወረችው።

«ዘኑ፣ ተቀቅለሽ ልትሞቺ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አሰብ ከገባን ብዙም ሳይቆይ ወደቡ ላይ በሽታ ገባ። ከውጭ በመጣ መርከብ ነው ተባለ። በኋላ ዘመን ሳነብ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር አውቄአለሁ፤ እኛ ግን «የመርከብ ጉንፋን» ነበር የምንለው። ኩሊዎቹ እየተብረከረኩ ከወደቡ ይመለሱ ጀመር። መርከቦች የሚያራግፋቸው አጥተው ባሕሩ ላይ ቆሙ። ከባሕሩ ዳር መንደሮች፣ ከዒድና ከጥዖ፣ ዓሣ ይዘው የሚመጡት ጀልባዎች በሽታውን ሰምተው ቀሩና ሩዝና ምስር ብቻ መብላት ጀመርን። ከየቤቱ የሚሰማው ሳል ነበር። የእኛ ሠፈር ቤቶች ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠሩና የተጠጋጉ ስለሆኑ፣ ማን እንደሳለ ሳያዩ በድምፁ ይታወቃል።

የከተማው ክሊኒክ ሞልቶ ሰው ደጅ ላይ መተኛት ሲጀምር፣ የሠፈራችን ሰዎች ተሰብስበው ደንብ አወጡ። በሽተኛ ያለበት ቤት በሩ ላይ የኖራ መስመር ይቀባል። ከዚያ ቤት ማንም አይወጣም፤ ማንም አይገባም። ውሃና ምግብ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ያኖራል። ምልክት ላለባቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ሰው በየጠዋቱ ክሊኒክ ሄዶ አስፕሪን ያመጣል፤ ያም ሰው ሐጂ ኑሩ ሆኑ። ደንቡ ክፉ አልነበረም። ብዙ ሰው እንዳተረፈ ዛሬም አምናለሁ።

እናታችን ሳል ሲጀምራት አባታችን ማንም ሳይነግረው ባልዲውን አንስቶ በራችንን ራሱ ቀባ። የመጀመሪያው መስመር ጠመም ሲልበት ከበላዩ ሌላ ቀጥ ያለ ጨመረ። አባታችን እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በማግስቱ ማዶ የሚኖሩት አቶ ካሣ፣ የወደቡ ጸሐፊ፣ ምልክት ካለበት ቤታቸው ወጥተው ሲጋራ ሊገዙ ሲሄዱ አያቸውና ከበራችን ውስጥ ሆኖ ሠፈር እስኪሰማ ጮኸባቸው። «የሰው ልጅ ልትጨርስ ነው? ግባ!» አላቸው። አቶ ካሣ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

እናታችን እየተሻላት ስትሄድ አስካለ ወደቀች። ማንም ምንም አልጠየቀም። ቤቱ ምልክት ያለበት ቤት ነው፤ በሽታው ይታወቃል።

የምኖረው ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበር ሁሉን ያየሁት እኔ ነኝ። የአሰብን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን የቆርቆሮው ግድግዳ እጅ አያስነካም፤ ከበረሃው የሚነሳው ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ሰው አንድ ነጠላ መልበስ ያቅተዋል። በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ አስካለ፣ «ዘኑ፣ ጋቢ ስጪኝ» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማሁና ከሳጥኑ አውጥቼ አለበስኳት። የእኔንም ደረብኩላት። አልጋው ሲንቀጠቀጥ የሳንቃው ወለል አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እንደ እሳት ነደደች፤ ከዚያ ላቧ ፍራሹን አራሰው። በማግስቱ ተነስታ ሩዝ በላች፤ የአባታችንን አነጋገር እያስመሰለች አሳቀችን። እናቴ «ተመስገን፣ ወጣላት» አለች። ከዚያ እንደገና ጋቢ ጠየቀች።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ደግሞ ተሻላት፤ ደግሞ ደስ አለን። ግን ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እናቴ ስትታመም ሳሏ አላስተኛንም ነበር። አስካለን ግን አንድ ቀን ስታስል አልሰማኋትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁትም ነበር።

ሐጂ ኑሩ አስፕሪኑን የሚሰጡን በረጅም የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ባሰሩት የቆርቆሮ ክዳን ነው። በበሩ ክፍተት ያስገቡልናል።

«የይመር ቤት! ከሐኪሙ ቁርስ መጣላችሁ!» አሉ አንድ ጠዋት። «ሳቂታዋስ እንዴት ናት?»

«ትናንት ተነስታ ነበር፤ ዛሬ ተመልሳ ወደቀች» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ልክ እንደዚያ የመንገድ ጓደኛችን፣ እንደ አስተማሪው! ትናንት ከምልክት ቤት ሾልኮ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ሲከራከረኝ ዋለ። ዛሬ አልጋ ላይ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል አሉኝ።»

«ያስለዋል?»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ሳል አለው ወይ?»

ትንሽ አሰቡ። «አሁን ስትጠይቂኝ… አልሰማሁበትም። ራሴን፣ ወገቤን ነው የሚለው።»

«ሾፌራችንስ ሐጂ?»

«እሱማ ጉድ ሠራኝ! ደሴ ሲመለስ ዕቃ አምጣልኝ ብዬ ልኬው፣ ባቲ ላይ ታሞ ቀርቷል። መኪናውን ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ወባ ነው አሉ። ባቲ እኮ የወባ አገር…»

አልጨረሱትም። ክዳኑ የታሰረበት እንጨት እጃቸው ላይ ቆመ።

«ሾፌሩ» አልኩ፤ «አስተማሪው፤ አስካለ። ሦስቱም የተኙት ወንዙ ዳር ሸራው ላይ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ግን በጋቢ ተጠቅልዬ።»

«እኔ ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ» አሉ ሐጂ በዝግታ። «መስኮቱን ዘግቼ። ያ አላህ! ሁላችንም ባሕር ባሕሩን ስናይ!»

አባታችን ኋላዬ ቆሞ ነበር። በደንቡ ምክንያት ሥራ ከቀረ ጀምሮ የሚያደርገው ጠፍቶት፣ የማይለብሰውን የደንብ ልብስ በየቀኑ ይተኩስ ነበር።

«አባዬ፣ አስካለን የያዛት ወባ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚያ ነው ሐኪም ይያት የምለው።»

በዕድሜዬ አባቴን እንዲያ መልሼለት አላውቅም። የተቆጣ መሰለኝ፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ስሚ፤ ማዶ አራስ አለች። በዚህ በኩል ሽማግሌዎች አሉ። እናትሽ ገና ታስላለች። ይዘናት ወጥተን ጉንፋኑ ቢሆንስ? የሰው ሞት በእጃችን እንዲሆን ነው?» ወደ በሩ ዞሮ፣ «ሐጂ፣ እባክዎ እርስዎ ሄደው ሐኪሙ እንዲመጣልን ይጠይቁ» አለ።

ሐጂ ሄዱ። ሲመለሱ ፀሐይዋ ከራስ በላይ ወጥታ መሬቱ ይፋጅ ነበር። ሐኪሙ መርከብ ላይ ለምርመራ ሄዷል፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከምልክት ቤት መምጣታቸውን ሲሰማ ሌላ አስፕሪን ሰጥቷቸው መልሷቸዋል። አስፕሪኑን በክዳኑ ላይ ሲያስገቡት ሁላችንም ተመለከትነው። ማንም አላነሳውም።

አስካለ በዚያ ሰዓት ከብርዱ ወደ ትኩሳቱ አልፋ ነበር። ውሃ ስሰጣት ከንፈሯ አልያዘውም። ስሟን ስጠራት ወደ እኔ አልዞረችም። እናቴ እግሯን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አንቱ ደንብ አክባሪ ነዎት» አለችው አባቴን፣ ቀና ሳትል። «እኔም አከበርኩልዎ። ይቺ ልጅ ግን እየሄደችብን ነው።»

አባቴ መጥቶ ራስጌዋ ጎንበስ አለ። «አስኩ፣ አስኩዬ» አላት። ዓይኗን ገለጠች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሾፌር» አለችው፤ «መንገዱ ገና አልተሠራም?»

ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር።

«ተሠርቷል» አላት አባቴ። «አሁን እንሄዳለን።»

የደንብ ልብሱን ኮት ከምስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰ፤ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ ቆለፈው። አልጋው ቀላል የገመድ አልጋ ነበር፤ አንዱን ወገን እሱ፣ ሌላውን እኔ ልናነሳ ስንል ሐጂ ኑሩ በሩን በርግደው ገቡ።

«ሐጂ፣ ደንቡ!» አለ አባቴ።

«ልቀቂ አንቺ» አሉኝ ሐጂ፣ አልጋውን ከእጄ እየወሰዱ። «እኔ የምፈራው ጅብ ነው።»

እናቴ አፏን በነጠላ ሸፍና ቤት ቀረች። የአስካለንም፣ የራሳችንንም አፍ በነጠላ አሰርን። እኔ በጎን እየሄድኩ ፀሐዩን በጋቢው ጥላ ከለልኩላት። በእኩለ ቀን ሠፈሩን በመሐል አቋርጠን ስንሄድ በየበሩ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። አባቴ ግራ ቀኝ አላየም። አቶ ካሣ ከመስመራቸው በስተጀርባ ሆነው ጮኹ።

«አቶ ይመር! ወዴት ነው? የሰው ልጅ ሊጨርሱ?»

«ሐኪም ዘንድ» አለ አባቴ ሳይቆም። «ስመለስ ይስደቡኝ፤ መብትዎ ነው።»

አቶ ካሣ በራቸው ላይ እንደቆሙ በዓይናቸው ሸኙን።

ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አገደን። ከየት ቤት እንደሆንን ጠየቀ፤ አባቴ መዋሸት ስለማይችል ነገረው። «አስፕሪኑ ተልኮላችሁ የለም እንዴ? ተመለሱ» አለ። ሐጂ መለመን ጀመሩ፤ አባቴ ላቡ በኮቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። አልጋውን መሬት ላይ አላስቀመጠውም።

ሐኪሙ ከመርከቡ ተመልሶ ኖሮ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየሁት። ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ ይሰማል። ወንዶች ባሉበት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

«ዶክተር! ሳል የላትም! ከሚሌ ነው የመጣነው!»

ቆመ። «ከየት?»

«ከሚሌ ወንዝ ዳር። ሾፌራችን በወባ ባቲ ተኝቷል፤ አብሮን የመጣው አስተማሪም እዚህ እንደ እሷ ያንቀጠቅጠዋል። እሷ ይሻላታል፣ ተመልሶ ያንቀጠቅጣታል። ሳል የላትም።»

መጥቶ ዓይኗን ገልጦ አየ፤ በግራ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ተጭኖ ዳሰሰ። ጣቷን ወግቶ ደሟን በመስታወት ላይ ወስዶ ገባ። እስኪመለስ ድረስ የግድግዳውን ጥላ ተጠግተን ጠበቅን። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ጉንፋን ከሆነ ለሠፈሩ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። እኔ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ሐሳቤ ከቤት ማስወጣቴ ያን ጊዜ ከበደኝ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ደግሞ ልክ ብሆን፣ ዘግይተን ቢሆንስ?

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ደክሞ ነበር። «ወባ ነው። ደሟ ውስጥ ብዙ ነው» አለ። ነርሷን ጠርቶ መርፌ አዘዘ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «ከዚያ መርከብ በኋላ የማየው ሕመም ሁሉ ከባሕር የመጣ ይመስለኛል» አለው። «አስተማሪ አለ ያላችሁት የት ነው? አምጡት።»

ሐጂ ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አስካለ ቶሎ አልተመለሰችልንም። ክሊኒኩ ውስጥ ከሚያስሉት ተለይታ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ተኛች። መርፌ ተወጋች፤ መራራውን ኪኒን በስኳር ውሃ ፈጭተን ሰጠናት። አባቴ ከአልጋዋ አልተለየም። ከሩቅ የመርከብ ጥሩምባ ሲሰማ ይደነግጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ እኔ ጎኗ ተቀምጬ ሳለ እጇ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጋቢውን ይዛ ገፋችው፤ አልሄደላትም። እንደገና ገፋችው፤ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ዘኑ» አለች፤ «ልትቀቅሉኝ ነው?»

አባቴ ተነስቶ ወደ ባሕሩ በኩል ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

አስተማሪውም ዳነ። ከሠፈራችን ጫፍ ግን፣ እኛ በዚያ በረንዳ ላይ እያለን፣ አንድ ወጣት ኩሊ ኖራ በተቀባ በር ውስጥ ሞተ። ከደጋ ከወረደ ገና አጭር ጊዜው ነበር ይሉ ነበር። ጉንፋኑ ነው ተባለ፤ ሊሆን ይችላል። በየት መንገድ እንደመጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስሙን ዛሬ አላስታውስም፤ በሩን ግን አስታውሰዋለሁ።

ደንቡ አልተሻረም፤ መሻርም አልነበረበትም። ብቻ ሐጂ ኑሩ ከዚያ በኋላ አስፕሪኑን ከማስገባታቸው በፊት በየበሩ መጠየቅ ጀመሩ። «ማን ታመመ? ያስለዋል? ከየት ነው የመጣው? ተሽሎት ተመለሰበት?» መልሱ ያላማራቸውን ለሐኪሙ ይነግሩ ነበር። አቶ ካሣም አባቴን አልሰደቡትም። አባቴ ግን አንድ ማለዳ ራሱ መስመራቸው ድረስ ሄዶ፣ ከበሩ ወዲህ ቆሞ፣ ሲጋራ በሐጂ ክዳን ላይ አድርጎ አስገባላቸው።

አሁን ካለሁበት ሆኜ ሳስበው፣ ያኔ ሰው ሰነፍ ወይም ጨካኝ ሆኖ አልነበረም። አንድ ትልቅ ፍርሃት ሲመጣ ሌሎቹን በሽታዎች ሁሉ የሚያስረሳ ይመስለኛል፤ እነሱ ግን አይረሱንም፤ ወንዛቸው ዳር ይጠብቃሉ። በኮሮናው ጊዜ ቴሌቪዥኑን ስመለከት እጅ ታጠቡ፣ ተራራቁ ሲባል ታጠብኩ፣ ተራራቅኩ። ትኩሳት ያለው ሰው ስሰማ ግን ከየት እንደመጣ መጠየቄን አልተውኩም። የቤተ ሰቡ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አስካለ መልሳ የደወለችው በማግስቱ ነው። እኔ ስልኩ አጠገብ ነበርኩ።

«ወባ ነው» አለችኝ። «የኮሮናው ውጤት ገና ነው። ወባው ግን በደሙ ታየ።»

«መድኃኒት ጀመረ?»

«ጀመረ።»

ስልኩን ሁለታችንም አልዘጋነውም። ትንፋሿን እሰማለሁ። ባለፈው ዓመት ሰማንያን ያለፈች ሴት ናት።

«ብርድ ልብሱስ?» አልኳት።

«ጥሎታል» አለችኝ።